በቲኬት የገባንበት ቤተ መንግሥት

እንደኔ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያመሽ ሰው የአውሮፓን ቤተ መንግሥቶች ሳይዞር አይቀርም። አንዷ ቀሚሷን እየጎተተች በእብነ በረድ ደረጃ ትወርዳለች፣ ሌላው የንጉሥ አልጋ ፊት ቆሞ ሰልፊ ይነሳል። እኔም ጌዶ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር፣ ስንቱን ጎብኝቻለሁ መሰላችሁ! የፈረንሳዩ የቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ 357 መስታወቶች እንዳሉት ሳይቀር አውቃለሁ። የራሴን አገር ቤተ መንግሥት በአካል ያየሁት ግን ባለፈው ጥቅምት ነው። ያውም ከአያቴ ጋር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ምሽት እሳት ዳር ነው። የጌዶን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቅምት ሲገባ ከምድጃ መራቅ አይታሰብም። አያቴ ከጎኔ ተቀምጠው ስልኬን አጮልቀው ያዩ ነበር።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉኝ።

"የፈረንሳይ ንጉሥ ነው፣ አባባ። አሁን ንጉሥ የለም።"

"ታዲያ ማን ይገባበታል?"

"ቲኬት የቆረጠ ሁሉ።"

ሳቁ። ቆይተው ደግሞ እንደገና ሳቁ። "እኛ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀምጠን አልገባንም፤ በቲኬት ይገባል በይኛ!" አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን? እዚህ ቤት አድጌ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስልኬን አስቀመጥኩና "ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ስንቅ ተሸካሚው ልጅ

ታሪኩ ከ1966ቱ አብዮት በፊት የሆነ ነው። የአያቴ አባት ጭሰኛ ነበሩ። ጭሰኛ ማለት የሰው መሬት አርሶ ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው። በድርሻው ላይ ከባለመሬቱ ጋር ተጣሉ። በቅርብ ሰሚ ሲያጡ አንድ ዘመድ "አዲስ አበባ ሄደህ አቤት በል" አላቸው። የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጃቸውን ስንቅ አሸክመው በእግርም በጭነት መኪናም አዲስ አበባ ገቡ። ልጁ የተሸከመው በሶና ቆሎ ነበር። ያ ልጅ አያቴ ናቸው።

ማመልከቻውን በገንዘብ አጻፉ። ከዚያ አንድ ትልቅ በር ፊት፣ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር መቀመጥ ሆነ ሥራቸው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። መኪና በወጣ በገባ ቁጥር ሁሉም ተነስቶ እጅ ይነሳል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሶው አለቀ። ወረቀቱን እንደያዙ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

"የትኛው በር ነበር አባባ? የምኒልክ ግቢ? የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት? ወይስ የአንዱ መሥሪያ ቤት?"

"ልጅ ነበርኩ። ብረት ነበር፣ ረጅም። ከኋላው ዛፍ ይታያል። ሌላ አላውቅም።"

ይህ ነገር የራሱ ስም አለው፦ ደጅ መጥናት። ዛሬ "ደጅ ጠናሁ" ስንል ቢሮ ተመላለስኩ ማለታችን ነው። ያኔ ግን ቃል በቃል ደጅ ላይ መቀመጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይግባኝ የሚሰሙበት ዙፋን ችሎት የሚባል ነበር፤ ስንቱ ገበሬ እዚያ ለመድረስ ስንቁን ጨርሷል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውና ጭሰኝነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የአያቴ አባት ግን አዋጁን አልሰሙም። ከዚያ በፊት አርፈዋል።

"እንሂድ" አልኳቸው። "የቱ እንደሆነ ባናውቅም አንዱን ገብተን እንይ።"

በመንገድ ላይ የቀረ ቤተ መንግሥት

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውለን አጣርተን፣ አርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከጌዶ ተነሳን። ከጌዶ አዲስ አበባ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉደርን አለፍን፣ አምቦ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጊንጪን ተሻገርን። የጤፉ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። አያቴ መስኮቱን ይዘው የየሰፈሩን አዝመራ ይገመግማሉ፦ "ይሄ ጥሩ ነው። ይሄኛው አረም በልቶታል።"

አዲስ ዓለም ስንደርስ ግን ተራው የእኔ ሆነ። ይህች በመንገዳችን ላይ ያለች ከተማ የአገሪቱ ዋና ከተማ ልትሆን ምንም አልቀራትም ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስለመነመነባት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዞር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ተቀየረ። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃለለላት፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ የአዲስ ዓለም ደብረ ጽዮን ማርያም የምንላት ናት።

"በባሕር ዛፍ ምክንያት?" አሉ አያቴ። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል ብለው ከጎረቤት ጋር የሚጣሉ ሰው ናቸው። "እንግዲህ አንድ ጥቅም አገኘሁለት።"

ያን ሌሊት ቡራዩ አክስቴ ቤት አደርን። ቅዳሜ ጠዋት በአስኮና በፒያሳ አድርገን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ወደ አንድነት ፓርክ ሄድን።

"ማንን ነው የምናነጋግረው?"

ለማታውቁት ላስተዋውቅ። ታላቁ ቤተ መንግሥት ብዙዎች የምኒልክ ግቢ የሚሉት ነው። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው፣ ከፍል ውኃ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ የመሠረቱት። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያን ያስተዳደረ መንግሥት ሁሉ በዚህ ግቢ አልፏል፤ ዛሬም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። እኔ ልጅ እያለሁ አዲስ አበባ የመጣን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ሆነን በአጥሩ ስናልፍ እናቴ "ጣትሽን አትቀስሪ" ብላኝ ነበር። ወደ 40 ሄክታር ከሚጠጋው ግቢ ታሪካዊው ክፍል ታድሶ፣ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ የተመረቀው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

ፍተሻው ላይ አያቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለጥበቃው ልጅ እጅ ነሱ። ልጁ ደነገጠ። "አባባ፣ ኧረ አይሁን! ይግቡ እንጂ" አላቸው።

ገቡ። አሥር እርምጃ ያህል ከሄድን በኋላ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው "ማንን ነው የምናነጋግረው?" አሉኝ።

"ማንንም አባባ። ዝም ብለን እናያለን።"

የገባቸው አልመሰለኝም። እኔም በዚያች ቅጽበት ነው ጉብኝት ማለት ምን እንደሆነ ያሰብኩት። ለእኔ ትውልድ ቤተ መንግሥት መግባት ማለት ማየትና ፎቶ መነሳት ነው። ለእሳቸው ግን ጉዳይ ሳይኖርህ የማትሄድበት ቦታ ነው።

ዙፋኑና ከዙፋኑ ሥር ያለው

መጀመሪያ የዙፋን ቤቱን አየን። እዚያ አፄ ኃይለ ሥላሴን ቁርጥ የሚመስል ምስል አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ተሰልፏል፣ እኔም አውጥቻለሁ። አያቴ ግን ቀጥ ብለው ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት። "እኔ ረጅም ሰው ይመስሉኝ ነበር" ብቻ ነው ያሉት።

ብዙ ሰው ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል። እባካችሁ እናንተ ምድር ቤቱን ሳታዩ እንዳትወጡ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የንጉሡን ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና ጄኔራሎች ያሰረው ከዚሁ ሥር ነበር። ትናንት ላይኛው ፎቅ ላይ እጅ ሲነሱ የነበሩ ሰዎች ከወለሉ በታች ወረዱ ማለት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ እስር ቤት የተወሰዱ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱም የመጨረሻ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚሁ ግቢ ታስረው ነው። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. አረፉ ተባለ፤ የት እንደተቀበሩ ግን ለዓመታት አልተነገረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው እዚሁ ግቢ ውስጥ ተቆፍሮ ተገኘ። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ይህን ለአያቴ በኦሮምኛ እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር ልበል? ዘመኑ በአባታቸው ላይ የሠራውን አውቃለሁና። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰው ሬሳው ለዘመዱ ይሰጣል" አሉ። "ጠላት ቢሆንም ይሰጣል።"

ግብር ማለት ሁለት ነገር ነው

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የግብር አዳራሹን ነው። ሦስት ጣሪያ ጎን ለጎን የተገጠመለት፣ ባለቀለም መስታወት መስኮቶች ያሉት ግዙፍ አዳራሽ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ሲሆን ምኒልክና ጣይቱ ግብር የሚያበሉት እዚህ ነበር። መኳንንቱ ቀድመው ይበላሉ፣ ከዚያ በየማዕረጉ ወታደሩ፣ መጨረሻ ላይ ተራው ሰው በየተራው ይገባል። በትልልቅ በዓላት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ፣ ጠጁን እየጠጣ ይወጣ ነበር።

አያቴ ወደ ጣሪያው አንጋጠው ምሰሶ ቆጠሩ። ከዚያ የገበሬ ጥያቄ ጠየቁ፦ "ይሄን ሁሉ ሰው የሚያበላው እህል ከየት ነው የሚመጣው?"

መልሱ በራሱ በቃሉ ውስጥ ነው። ግብር በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፦ የሚበላው ድግስም ግብር ነው፣ ገበሬው የሚከፍለውም ግብር ነው። ማሩ፣ እህሉ፣ ሰንጋው ከየአገሩ በሰውና በአጋሰስ እየተጫነ ይመጣና እዚህ ይበላል። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው የኖርኩ ሁለት ትርጉሞች ናቸው፤ አንድ መሆናቸው የገባኝ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ነው።

"እንግዲህ ይሄ ቤት የእኛም እህል አለበት" አሉ አያቴ። አባባላቸው የቅሬታ አልነበረም። የራሱን በሬ ገበያ ላይ እንዳየ ሰው ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ አረማመዳቸው ተቀየረ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ቤት ስናይማ ጭራሽ አስጎብኚ ሆኑ። ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ መላ፣ የጨቦ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ፣ በኋላ ግን በ1900 ዓ.ም. አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሲሾሙላት የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ንጉሥ በማንገሥና በማውረድ ምክራቸው የሚጠየቅ ሰው ነበሩ። አያቴ ስለ እሳቸው ብልሃት ሲነገር የሰሙትን እየነገሩኝ ሳለ ሦስት የማናውቃቸው ልጆች ጠጋ ብለው ያዳምጡ ጀመር። አንዷ እንዲያውም ቪዲዮ ቀረጸቻቸው። ፈቃድ ጠይቃ ነው፤ አመሰግናታለሁ።

ለእኛ ለስልክ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ቴሌኮም ታሪክ የሚጀምረው በምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ ስልክ ማለት የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር፤ ድምፅ ያለ ሰው ሲወጣ ሰይጣን ነው ብለው የሸሹ ነበሩ ይባላል። እንቁላል ቤት ከሚሉት ክፍል ላይ ደግሞ ምኒልክ ከተማቸውን በመነጽር ይቃኙ እንደነበር ይነገራል። አሁን ያ ሁሉ እጃችን ላይ ነው። እነሱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር፣ እኛ ደግሞ ወደ ውስጥ እናያለን።

ዛፍ፣ አንበሳና ቆሎ

ቀትር ላይ ደከመን። የክልሎቹን ማሳያ ቤቶች ዞረን፣ ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች አየን። አገር በቀል ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ አያቴ እየነኩ ስማቸውን ጠሩልኝ፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ። ሳይነግሩኝ ከጌዶ ይዘው መጥተዋል።

"ስንቅ ያዙ እንዴ አባባ? ካፌ አለኮ!"

"ምን አውቃለሁ" አሉ። "ከዘገየንስ ብዬ ነው።"

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ሳቄ አለቀ። ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ስንቅ መያዝ ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው።

እዚያ ቁጭ ብለን ስለዚያ ስለ ፈረንሳዩ ጠየቁኝ። ሉዊ 14ኛ በ1682 እ.ኤ.አ. መንግሥቱን ይዞ ቬርሳይ እንደገባ ነገርኳቸው። እዚያስ ደጅ ይጠናል ወይ አሉ። የሚገርመው፣ እዚያ ለሕዝቡ በሩ ያን ያህል የተዘጋ አልነበረም። በደንብ የለበሰ ሰው መግባት ይችል ነበር፤ ወንድ ከሆነ ግን ጎራዴ መታጠቅ አለበት፣ ለሌለው ደግሞ በር ላይ በኪራይ ይሰጠው ነበር። ገበሬ ግን ዳቦ ሲርበው ጎራዴ አይከራይም። በጥቅምት 1789 እ.ኤ.አ. ዳቦ የተወደደባቸው የፓሪስ ሴቶች በዝናብ በእግራቸው ቬርሳይ ድረስ ሄደው፣ ንጉሡን ከነቤተሰቡ ይዘው ተመለሱ። በ1837 እ.ኤ.አ. ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ዛሬ በስልካችን የምናየው ወርቅና መስታወት እንጂ የሴቶቹ ጭቃ የለበትም።

"ሴቶቹ ገቡ?" አሉ።

"ገቡ።"

"ጎበዝ።"

ይህ ይሆን?

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ወጣን። እኔ ታክሲ ስፈልግ አያቴ ዞረው በሩን ከውጭ ያዩታል። ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ። ከዚያ መንገዱ ዳር እንደ መቀመጥ ብለው ከዝቅታው አዩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሚያይበት ከፍታ መሆኑ ነው።

"ይህ ነው አባባ?"

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "ዛፍ አለው" አሉ። ትንሽ ቆይተው፦ "አላውቅም። በሩ ሁሉ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው።"

ያን ቀን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ፎቶ አንስቻለሁ። ዙፋኑም፣ አዳራሹም፣ አንበሶቹም አሉበት። ማታ ቡራዩ አክስቴ ቤት ሆኜ ሳያቸው አብዛኞቹ ኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት አይለዩም። አንዱን ብቻ ነው የለጠፍኩት፦ ከዘራቸውን ይዘው ከበሩ ሲወጡ የተነሱትን። ኮፍያቸው ራሳቸው ላይ ነው።

እሁድ ወደ ጌዶ ስንመለስ አምቦ ላይ መኪናው ቆመ። አያቴ ያን ጊዜ ከአባታቸው ጋር የተመለሱት በዚሁ መንገድ እንደነበር፣ አባታቸውም ጉደር እስኪደርሱ አንድ ቃል እንዳልተናገሩ ነገሩኝ። ከዚያ ለእኔ የአምቦ ውኃ ገዙልኝ፣ ለራሳቸው ሻይ አዘዙና ስለ ግብር አዳራሹ ምሰሶ ለሾፌሩ ማውራት ጀመሩ። እስከ ጌዶ አላቆሙም።

ለመሄድ ላሰባችሁ ሦስት ነገር ልበል። መታወቂያ ያዙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ግማሽ ቀን አይበቃውም። ሁለተኛ፣ ከዙፋኑ ጋር ፎቶ ከተነሳችሁ በኋላ ምድር ቤቱንም እዩ። ሦስተኛውና ዋናው፦ ብቻችሁን አትሂዱ። ቤታችሁ ያለ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያ ባይሆን እንኳ ከመሄዳችሁ በፊት "የመንግሥት ደጅ ሄደው ያውቃሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። አስጎብኚው የሚነግራችሁ በውስጥ ስለነበሩት ነው። በውጭ ተቀምጠው ስለጠበቁት ሊነግራችሁ የሚችለው እሳት ዳር የተቀመጠው ሰው ነው።

መልካም ጉብኝት!